ሁልጊዜ ቀድማ የምትነጠቀው ክፍለ ጊዜ

ሐሙስ ነው፤ አራተኛ ክፍለ ጊዜ። የሰባተኛ ክፍል ልጆች ከጠዋት ጀምሮ ቱታቸውን ከዩኒፎርማቸው ሥር ለብሰው መጥተዋል። ደወሉ ገና ሲደወል ግማሾቹ በሩ አጠገብ ደርሰዋል፤ አንዱ በካልሲ የተሠራች ኳስ ብብቱ ውስጥ ሸጉጧል። በሩ ሲከፈት ግን የገባው የስፖርት መምህሩ ሳይሆን የሒሳብ መምህሩ ነው። «ቁጭ በሉ! ዛሬ ስፖርት የለም። ፈተና ደርሷል፣ ምዕራፉን አልጨረስንም። ደብተር አውጡ።» ክፍሉ በአንድ ድምፅ ያጉረመርማል፤ ከዚያ ዝም ይላል። ኳሷም ወደ ቦርሳ ትመለሳለች።

ይህን ለማየት የተለየ ትምህርት ቤት መፈለግ አያስፈልግም። በኢትዮጵያ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የተማረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የሚገርመው ተቃራኒው ተሰምቶ አለማወቁ ነው። የስፖርት መምህር በፊዚክስ ሰዓት ገብቶ «ዛሬ ፊዚክስ የለም፤ ሩጫ አልጨረስንም» ሲል የሰማ ተማሪ የለም። ሰዓት ሲጎድል፣ ስብሰባ ሲመጣ፣ ማካካሻ ሲያስፈልግ ወይም ፈተና ሲቃረብ ቀድማ የምትነጠቀው አንዲቷ ክፍለ ጊዜ የሰውነት ማጎልመሻ ናት።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። አንድ ክፍለ ጊዜ ቢቀር ምን ይጎዳል? ይጎዳል። ምክንያቱም የምትነጠቀው አንድ ሐሙስ ብቻ አይደለችም፤ ለብዙ የከተማ ልጆች በሳምንት ውስጥ ሰውነታቸውን በነፃነት የሚያንቀሳቅሱባት ብቸኛ ሰዓት እሷ ናት።

◾ ልጆቹ የት ይሩጡ?

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአርሲ ልጅ ሳለ ትምህርት ቤት ለመድረስ በየቀኑ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጥ እንደነበር፣ ሲመለስም ያንኑ ያህል እንደሚሮጥ፣ ሲሮጥ ግራ እጁን አጠፍ የሚያደርገውም ደብተር ይዞ ከመሮጥ የቀረ ልማድ እንደሆነ ያልሰማ የለም። ለዚያ ዘመን ልጅ ስፖርቱ መንገዱ ላይ ነበር። ትምህርት ቤቱ ሜዳ ባይኖረው እንኳ አገሩ ሁሉ ሜዳ ነው።

የዛሬው የአዲስ አበባ ልጅ ሌላ ሕይወት ነው ያለው። ጠዋት ሰርቪስ ከበር ያነሳዋል፤ ማታ ከበር ያወርደዋል። ሰፈሩ የኮንዶሚኒየም ብሎክ ከሆነ በሕንፃዎቹ መካከል ያለው ቦታ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። መንገዱ ያስፈራል፤ ወላጅ «ውጣና ተጫወት» ለማለት ድፍረት ያጣል፤ ቢልም ልጁ ስልኩን ይመርጣል። ሰኞ ማክሰኞ፣ ድብብቆሽ፣ አባሮሽ፣ ሌባና ፖሊስ በየሰፈሩ ከትምህርት በኋላ ያለውን ሰዓት የሚሞሉ ጨዋታዎች ነበሩ። ዛሬ ስማቸውን እንጂ አጨዋወታቸውን የማያውቅ ልጅ ብዙ ነው።

ስለዚህ ሸክሙ ትምህርት ቤቱ ላይ ወድቋል። ትምህርት ቤቱስ? ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ለመኖሪያ በተሠራ ግቢ ወይም ለቢሮ በታሰበ ፎቅ ውስጥ ናቸው። ግቢው ጠዋት ሰልፍ፣ ቀን የሰርቪስ መኪና ማቆሚያ ነው። በእረፍት ሰዓት በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆች ሴራሚክ በተነጠፈበት ጠባብ ቦታ ይለቀቃሉ፤ ከዚያ ከመምህራን አፍ አብዝቶ የሚሰማው ቃል «አትሩጥ!» ነው። ልጁ በትምህርት ቤት ውስጥ የሚያውቀው ትልቁ ጥፋት መሮጥ ሆነ ማለት ነው። ሰፊ ሜዳ የነበራቸው የመንግሥት ትምህርት ቤቶችም ተማሪ በበዛ ቁጥር ሜዳቸው ላይ ተጨማሪ ክፍል ሲገነባባቸው ቆይቷል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ልብ ምቱን ከፍ የሚያደርግ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል ይላል። በሳምንት 420 ደቂቃ ይሆናል። ትምህርት ቤቱ ለሰውነት ማጎልመሻ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ መድቦ እያንዳንዱን 40 ደቂቃ ሳያጎድል ቢሰጥ እንኳ ገና 80 ደቂቃ ነው፤ ከሚያስፈልገው አንድ አምስተኛ አይሞላም። ከዚያች ላይ ነው የሚቀነሰው።

ችግሩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች ከ146 አገራት የ1.6 ሚሊዮን ተማሪዎችን መረጃ ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጡት ጥናት ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉ ልጆች 81 በመቶው በቂ እንቅስቃሴ እንደማያደርጉ አሳይቷል። ከወንዶች 78 በመቶ፣ ከሴቶች 85 በመቶ። ዓለም ሁሉ ቢታመም ግን በሽታው በሽታ መሆኑ አይቀርም።

◾ 28 በ15

ክፍለ ጊዜዋ ሳትነጠቅ ስትቀርም የሚሆነው ሌላ ጉድ ነው። መምህሩ ይገባል፤ ሰሌዳው ላይ ኖት ይጽፋል፤ ተማሪው ይገለብጣል። «የቅርጫት ኳስ ሜዳ ርዝመት 28 ሜትር፣ ስፋት 15 ሜትር ነው።» በፈተና ይጠየቃል፤ ልጁም በትክክል ይመልሳል። ሙሉ ነጥብ አግኝቶ ያልፋል። የቅርጫት ኳስ ግን በእጁ ነክቶ አያውቅም። እንዲህ ያለው ልጅ ስለ ምግብ ስም ዝርዝር አጥንቶ እራቱን ሳይበላ እንደተኛ ሰው ነው።

መምህሩን መውቀስ ይቀናል፤ ነገር ግን መምህሩ ራሱ የተተወ ሰው ነው። ስድሳና ሰባ ተማሪ ይዞ አንድ ኳስ ይሰጠዋል፤ አንዳንዴ እሷም ነፍሷ ወጥቶ አየር አትይዝም። በሥልጠና የተማረውን ጂምናስቲክ የሚያሠራበት ምንጣፍ የለውም። በመምህራን ክፍል ውስጥም «የኳስ አስተማሪ» ተብሎ ነው የሚታየው። ሰልፍ ማስያዝ፣ አርፋጅ መያዝ፣ ጥፋተኛ መቅጣት የሱ ሥራ ይሆናል። ከሰውነት ማጎልመሻ መምህርነት ወደ ግቢ ዘበኝነት ያወረዱት አሉ።

ከሁሉ የከፋው ግን ቅጣቱ ነው። ልጅ ሲያረፍድ «ግቢውን ሦስት ዙር ሩጥ»፤ ሲያወራ «ሃያ ፑሽ አፕ ውረድ»፤ ሲረብሽ እንደ እንቁራሪት እየዘለለ በጓደኞቹ ፊት እንዲያልፍ ይደረጋል። ዱላ ቀረ ተብሎ የተተካው በዚህ ነው። ነገር ግን ልጁ የሚማረውን ልብ ይሏል፦ መሮጥ ማለት ውርደት፣ መዝለል ማለት መሳቂያ መሆን ነው። ሒሳብን ማንም ቅጣት አድርጎ ቢሰጠው ልጁ ሒሳብን እንደሚጠላ ሁሉም ይገባዋል። ስፖርቱ ላይ ሲሆን ግን የሚገረም የለም። አንዳንዱ ደግሞ በግልባጩ ይቀጣል፤ የቤት ሥራ ያልሠራ ልጅ ከስፖርት ሰዓት ይቀራል። ሊንቀሳቀስ የሚገባው፣ መቀመጥ ያቃተው ልጅ ነው እንግዲህ ተጨማሪ 40 ደቂቃ እንዲቀመጥ የሚፈረድበት።

ሴት ልጆች ላይ ጉዳቱ ድርብ ነው። ልብስ የሚቀየርበት ክፍል የለም፤ ውኃ የለም፤ የወር አበባ ሲመጣ «አሞኛል» ብላ ዳር መቀመጥ ይቀላታል። ሜዳ ካለም ሜዳውን ወንዶቹ በኳስ ይይዙታል፤ እሷ ተመልካች ትሆናለች። አሥራ ሦስት ዓመት ላይ ዳር የተቀመጠች ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሳ አትገባም። አካል ጉዳት ያለበት ልጅም «አንተ እረፍ» ይባላል፤ በደግነት የተባለ ቢመስልም ከጨዋታው መባረሩን ልጁ ያውቀዋል።

◾ ሰውነት ብቻ አይደለም

በብዙ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ «ጤናማ አእምሮ በጤናማ አካል ውስጥ ይገኛል» የሚል ጽሑፍ አለ። ቀለሙ የደበዘዘው ጽሑፍ እውነት ይናገራል፤ ግድግዳው ሥር የሚደረገው ነው የሚያስተባብለው።

የአካሉ ጉዳይ ግልጽ ነው። የአጥንት ጥንካሬ በአብዛኛው የሚገነባው በልጅነትና በጉርምስና ነው፤ ያኔ ያልተጠራቀመ በአርባ ዓመት አይገዛም። ደም ግፊትና ስኳር የሽማግሌ በሽታ መሆናቸው ቀርቶ ወደ ወጣቱ እየወረዱ ነው። ዐይን እንኳ ከቤት ውጭ መዋልን ይፈልጋል። በቻይናዋ ጓንጁ ከተማ 12 ትምህርት ቤቶች ላይ በተደረገ ሙከራ በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ ተጨማሪ የውጭ ክፍለ ጊዜ የተሰጣቸው የአንደኛ ክፍል ልጆች ከሦስት ዓመት በኋላ ሲመረመሩ የሩቁን አጥርቶ ያለማየት ችግር የያዛቸው 30 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ ተጨማሪው ሰዓት ካልተሰጣቸው ግን 40 በመቶ ገደማ ተይዘዋል። መድኃኒቱ የቀን ብርሃን ነበር፤ የቀን ብርሃን ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ በነፃ ነው።

የአእምሮው ጉዳይ ግን ይደበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ሰባት ልጆች አንዱ ከአእምሮ ጤና ችግር ጋር ይኖራል። በአበሻ ቤት ይህ በሽታ ስም የለውም። «ልጁ ዝምተኛ ሆነ»፣ «አመሏ ተበላሸ»፣ «ምግብ አልበላ አለ» ይባላል እንጂ ልጁ ተጨንቋል፣ ልጅቷ አዝናለች አይባልም። እንቅስቃሴ ሐኪም አይተካም፤ ሕመም ሕክምና ይፈልጋል። ነገር ግን አዘውትሮ መንቀሳቀስ ጭንቀትንና ድብርትን እንደሚያቀል፣ እንቅልፍን እንደሚያስተካክል፣ ከሌሎች ጋር መጫወት ብቸኝነትን እንደሚሰብር በብዙ ጥናት የታየ ነው።

ሌላም ነገር አለ። በክፍል ውስጥ ሰባ ልጅ ወደ አንድ አቅጣጫ ተቀምጦ ሰሌዳ ያያል፤ መምህሩ የሚያየው ሰባ ፊት ነው። ሜዳ ላይ ግን ልጅ ይገለጣል። ማንም ቡድኑ ውስጥ የማያስገባው የቱ ነው? ትንሽ ሮጦ ትንፋሹ የሚቆረጠው ማን ነው? ቱታ መልበስ የማይፈልገው ምን የሚደብቀው ነገር ስላለው ነው? ከትናንት በስቲያ ሲስቅ የነበረው ዛሬ ለምን ዳር ቆመ? ጥሩ የስፖርት መምህር ይህን ከወላጅም ቀድሞ ያያል። የትምህርት ቤት አማካሪ ብርቅ በሆነበት አገር የልጆች ጭንቀት መጀመሪያ የሚታይበት ቦታ ሜዳው ነው። በሰሜኑ ጦርነትና ከዚያ ወዲህ ባሉ ግጭቶች ድምፅ የደነገጡ፣ ከቀያቸው የተፈናቀሉ፣ ዓመታት ከትምህርት የራቁ ልጆች ወደ ክፍል ሲመለሱ በቃላት የማይናገሩትን ብዙ ነገር ተሸክመው ነው። እነሱን በመጀመሪያው ቀን ለማካካሻ ትምህርት ብቻ ማሰለፍ ልጁን ትቶ ደብተሩን መቀበል ነው።

◾ «ውጤቱስ?»

እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። እንዲህ ያለ ቁጥር የሰማ ርዕሰ መምህር «ስፖርት ይቆይ፣ እንግሊዝኛና ሒሳብ ይጨመር» ቢል፣ ልጁ እንዳይወድቅበት የሚፈራ ወላጅም ቢደግፈው፣ ስሌቱ ይገባል። ሰውነት ማጎልመሻ 12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ላይ የለም። የማይፈተኑበትን ትምህርት ማን ያስባል?

ስሌቱ ግን ስሕተት ነው። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2010 በትምህርት ቤት እንቅስቃሴና በትምህርት ውጤት መካከል ያለውን ግንኙነት የመረመሩ 50 ጥናቶችን አንድ ላይ አይቶ ነበር። ከተለኩት ግንኙነቶች ከግማሽ ጥቂት የሚበልጡት እንቅስቃሴው ከተሻለ ውጤት ጋር እንደሚሄድ አሳዩ፤ የቀሩት ከሞላ ጎደል ልዩነት አላሳዩም፤ ጉዳት ያሳዩት 1.5 በመቶ ብቻ ናቸው። በቀላል አማርኛ፦ ስፖርት ጨምሮ ውጤት ያበላሸ ትምህርት ቤት ማግኘት እጅግ ይከብዳል፤ ስፖርት ነጥቆ ውጤት አተርፋለሁ ማለትም መሠረት የለውም።

ለዚህ ጥናት እንኳ ላያስፈልግ ይችላል። ከጠዋት ጀምሮ ለስድስት ክፍለ ጊዜ የተቀመጠ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በሰባተኛው ምን ያህል ይሰማል? ዐይኑ ሰሌዳ ላይ ነው፤ ልቡ የለም። በስፖርት ሰዓት የተጨመረችው ሒሳብ የምትሰጠው ለዚህ ልጅ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለዚህ ነው፤ ውጤቱም አልመጣ፣ ጤናውም ሄደ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከገጠሩ ይመጣል። «ልጁ ቁርስ ሳይበላ ነው የሚመጣው፤ ውኃ ቀድቶ፣ ከብት አሰማርቶ፣ አንድ ሰዓት በእግሩ ተጉዞ ነው የሚደርሰው። እሱን ደግሞ አሩጡት?» ይህ ጥያቄ ክብር ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገራዊ የጤና ዳሰሳ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ልጆች 37 በመቶው ቁመታቸው ከዕድሜያቸው በታች ነበር። የተራበ ልጅ ቅድሚያ የሚያስፈልገው ምግብ ነው፤ የትምህርት ቤት ምገባ ከማንኛውም ኳስ ይቀድማል። ነገር ግን ሥራ ጨዋታን አይተካም። እንሥራ መሸከም አካልን ያደክማል እንጂ ልጅን ልጅ አያደርግም። ለገጠሩ ልጅ የሚያስፈልገው ዙር ሩጫ ላይሆን ይችላል፤ ተራ ጠብቆ መጫወት፣ መሸነፍን መልመድ፣ መሳቅ ሊሆን ይችላል። የመጫወት መብት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 31 ላይ የተጻፈ ነው፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1991 ተቀብላዋለች። መብቱ ለከተማ ልጅ ብቻ አልተባለም።

◾ ከበቆጂ የሚወሰደው ትምህርት

አገሪቱ በዓለም የምትታወቅበት ሩጫ ከየት እንደጀመረ ሲጠየቅ መልሱ ብዙ ጊዜ «ከፍታው»፣ «አየሩ»፣ «ገብሱ» ነው። በአርሲዋ በቆጂ ግን አንድ ሌላ ነገርም ነበር፦ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር። ደራርቱ ቱሉን፣ ፋጡማ ሮባን፣ ቀነኒሳ በቀለን፣ ጥሩነሽ ዲባባን በልጅነታቸው ያሠለጠኑት ስንታየሁ እሸቱ የተጀመሩት ከዚያ ነው። ስታዲየም አልነበራቸውም። ሰዓታቸውን አክብረው ሜዳ የሚወጡ፣ ልጆቹን በዐይናቸው የሚከታተሉ መምህር ነበሩ።

ከዚህ ታሪክ የተሳሳተ ትምህርት መውሰድም ይቻላል። ስፖርት የሚያስፈልገው ቀነኒሳን ለማግኘት ነው ከተባለ ያልሮጠው፣ የወፈረው፣ የዘገየው ልጅ ሁሉ ትርፍ ይሆናል። የበቆጂ ሜዳ ላይ ከደራርቱ ጋር የሮጡ፣ ዛሬ ስማቸውን ማንም የማያውቀው፣ ነገር ግን ነርስ፣ ገበሬ፣ ነጋዴ ሆነው በጤና የሚኖሩ ልጆች ነበሩ። የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት የነሱ ነው። ሜዳሊያው ከመጣ ምርቃት ነው።

የሚደረገውስ? ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር አለ።

አንደኛ፣ ክፍለ ጊዜዋ አትነጠቅ። የተነጠቀች እንደሆነም እንደማንኛውም ትምህርት ማካካሻ ይደረግላት። ለዚህ የርዕሰ መምህሩ ቃል ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ሩጫና ፑሽ አፕ ቅጣት መሆናቸው ዛሬውኑ ይቁም። ይህም ሳንቲም አያስወጣም።

ሦስተኛ፣ ነጥቡ በኖት ፈተና ሳይሆን ልጁ ከራሱ ካለፈው ወር ምን ያህል እንደተሻሻለ ታይቶ ይሰጥ። በመስከረም ግማሽ ዙር ሮጦ የቆመ ልጅ በጥር አንድ ዙር ከጨረሰ አልፏል፤ ከክፍሉ የመጨረሻ ቢሆንም አልፏል።

አራተኛ፣ ኳስ የለም ማለት ስፖርት የለም ማለት አይደለም። ገመድ ዝላይ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ አባሮሽ፣ ትግል፣ የጨርቅ ኳስ፣ በየብሔረሰቡ ያለው ጭፈራ ጭምር ልብን ያስመታል። እስክስታ የሚወርድ ልጅ ትንፋሹን ጠይቁት።

አምስተኛ፣ ሜዳ የሌለው ትምህርት ቤት የሌላ ሰው ሜዳ ይጠቀም። አዲስ አበባ ውስጥ በኮሪደር ልማት የእግር መንገዶች፣ የብስክሌት መስመሮች፣ የልጆች መጫወቻዎች ተሠርተዋል፤ በየወረዳው የወጣት ሜዳዎች አሉ። በሥራ ቀን ጠዋት አብዛኞቹ ባዶ ናቸው። ወረዳው ለአካባቢው ትምህርት ቤቶች በተራ ሰዓት ቢሰጥ ማን ይከለክላል? ለወደፊቱ ደግሞ ፈቃድ የሚሰጠው አካል ላቦራቶሪና ቤተ መጻሕፍት እንደሚጠይቅ ሁሉ ልጆቹ የት እንደሚሮጡ አጥብቆ ይጠይቅ።

ስድስተኛው የወላጅ ነው። ወላጅ ትምህርት ቤት ሲሄድ የሚጠይቀው «ስንተኛ ወጣ?» ብቻ ነው። አንድ ጥያቄ ይጨምር፦ «ልጄ በዚህ ሳምንት ስንት ጊዜ ላበው?» የከፋዩ ጥያቄ በትምህርት ቤት ዘንድ ክብደት አለው። ወላጅ የማይጠይቀውን ክፍለ ጊዜ መንጠቅ ቀላል ነው፤ የሚጠይቀውን መንጠቅ ግን ያሳፍራል።

ሐሙስ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል፤ አራተኛ ክፍለ ጊዜም ይደርሳል። ልጆቹ ባለፈው ቢያዝኑም ቱታቸውን ዛሬም ለብሰው መጥተዋል፤ የካልሲ ኳሷም ቦርሳ ውስጥ ናት። ልጅ ተስፋ የሚቆርጠው ቀስ ብሎ ነው። አንድ ሐሙስ ላይ ግን ቱታውን ሳይለብስ ይመጣል፤ ስፖርት ቀረ ሲባልም አያጉረመርምም። ዝም ብሎ ደብተሩን ያወጣል። መምህሩ «ጨዋ ክፍል» ይላል። ሊያስፈራ የሚገባው ያ ዝምታ ነው።